ያገለገለ የቫልቭ አምፕሊፋየር ሲፈተሽ የሚሠሩ ስህተቶች

ስለ ያገለገሉ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች (በአጭሩ አምፕ፤ የራዲዮን የመላኪያ ኃይል ቫልቭ በሚባል የመስታወት ቱቦ የሚያጎሉ ዕቃዎች) ከአማተር ራዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለፍቅሩ ብለው ራዲዮ ከሚነጋገሩት፣ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው፤ «በርካሽ አገኘሁት» እና «ከገዛሁት ጀምሮ አልሠራልኝም»። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚወሩት ስለ ያው አንድ ዕቃ ነው።

ምሳሌ የማደርገው ሂትኪት የተባለው ፋብሪካ የሸጠውን ኤስቢ-220 አምፕ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ኦሃዮ፣ ዜኒያ ውስጥ የሚደረገውን ሃምቬንሽን ጨምሮ በአሜሪካ የአማተር ራዲዮ ገበያዎች የተለመደ ዕቃ ነው። ሁለት 3-500ዜድ ቫልቮች አሉት፤ አኖዳቸው (ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚገባበት ክፍላቸው) ላይ የሚደርሰው እስከ 3000 ቮልት ገደማ ነው። ኬንዉድ ቲኤል-922ም በእነዚሁ ቫልቮች ስለሚሠራ አብዛኛው ነገር ለእሱም ይሆናል። ሂትኪትን የሚለየው ፋብሪካው የሸጠው ዕቃው ሳይገጣጠም መሆኑ ነው፤ የገጠመውም የበየደውም ገዢው ነው። አንዱን መሐንዲስ፣ ሌላውን መበየጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠ ጎረምሳ ሠርቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ በደንብ ያልተበየደ ሽቦ ካለ ዛሬም እዚያው ነው።

ገዝቶ እንደገቡ ሶኬት ላይ መሰካት

«ሻጩ ይሠራል ብሎኛል» ማስረጃ አይደለም። መጀመሪያ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ በባትሪ መብራት ይታይ፦ የላላ ብሎን፣ የጠቆረ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ)፣ አይጥ የበላው ሽቦ፣ ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ)። በፖስታ የመጣ ከሆነ ቫልቮቹ ተነቅለው ለብቻቸው መታሸግ ነበረባቸው። ሶኬታቸው ላይ እንዳሉ ከተጓዙ በቫልቩ ውስጥ ግሪዱ (ወንፊት መሰሉ ሽቦ) ከፊላመንቱ (ከሚግለው ሽቦ) ጋር ተነካክቶ እንደሆነ በኦም ሜትር ይለካ።

ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ ለየትኛው ቮልቴጅ እንደታሰረ ማየት ነው። መግቢያው ላይ ሁለት ጥቅል አለ፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ ለ120 ቮልት፣ በተከታታይ ከታሰሩ ለ240 ቮልት። ስፒናውን አይተው አይፍረዱ፤ ስፒና ማንም ይቀይራል። ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ መውሰድ ለሚያስብ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ላለው የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ለሆነው የአማተር ራዲዮ ክለብ ጣቢያ፣ ሌላ ሒሳብ አለ፤ የትራንስፎርመሩን ብረት የሚጫነው ቮልቴጁ ለኸርዙ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የአሜሪካው 240 ቮልት በ60 ኸርዝ ሲካፈል 4 ነው፤ የእኛ አገሩ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ሲካፈል ግን 4.4 ይመጣል። ያ 10 በመቶ ጭማሪ የትራንስፎርመሩን ብረት ያሞቀዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ይሠራል፤ ግን እረፍት ይፈልጋል።

ካፓሲተሮቹ 8 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 200 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት፣ በተከታታይ የተያያዙ። ለዓመታት መብራት ያላገኘ ካፓሲተር በአንድ ጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ ሲደርስበት ሊፈነዳ ይችላል። ቫልቮቹን ነቅሎ፣ በቫሪያክ (ቮልቴጅን እንደፈለጉ በሚያስተካክሉበት ትራንስፎርመር) ከትንሽ ቮልቴጅ ጀምሮ ለሰዓታት ቀስ እያሉ ማሳደግ ይረዳል። እኔ ግን ፋብሪካው የላካቸው ካፓሲተሮች እስካሁን ካሉበት ስምንቱንም ከነሬዚስተሮቻቸው ቀይሩ ባይ ነኝ። የከፋውን አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ ይመስላል፤ ቮልቴጁ ግን እኩል ስለማይከፋፈል ቀጣዩ ደካማ ተራውን ይጠብቃል።

«አጥፍቼዋለሁ» ብሎ መተማመን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ስምንቱ ካፓሲተሮች አንድ ላይ 25 ማይክሮፋራድ ይሆናሉ፤ በ3000 ቮልት ከ110 ጁል በላይ ይይዛሉ። ሰው ለመግደል ይበቃል። እያንዳንዱ ካፓሲተር ላይ ያለው 30 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጤነኛ ከሆነ፣ አምፑ ከጠፋ በኋላ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ቮልቴጁ ከ50 በታች ይወርዳል። ችግሩ «ጤነኛ ከሆነ» የሚለው ላይ ነው። ከስምንቱ አንድ ሬዚስተር ቢቋረጥ የእሱ ካፓሲተር ወደ 400 ቮልት ይዞ ይቆያል። የፊት ሜትሩ የተሠራው ሺዎችን ለማሳየት ስለሆነ በ400 ቮልት መርፌው ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ያየ ሰው ባዶ ነው ብሎ እጁን ይሰዳል።

ሌላው ክፉ ልማድ የአኖዱን መስመር በካቻቪቴ ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ጋር ማገናኘት ነው። ብዙ ሰው ሻሲው የከፍተኛው ቮልቴጅ ኔጋቲቭ ይመስለዋል። ኤስቢ-220 ላይ ግን በኔጋቲቩና በሻሲው መካከል ሜትሩ ከረንት የሚለካበት ትንሽዬ ሬዚስተር አለች። ካቻቪቴው ሲነካ የካፓሲተሮቹ ጉልበት ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። እሷ ስትቃጠል ኔጋቲቩ መስመር ከሻሲው አንጻር በሺዎች ቮልት ይዘላል፤ ሜትሩም ዙሪያው ያለውም አብሮ ይሄዳል። ሰውየው አንድ ብልሽት ሊፈልግ ከፍቶ ሦስት ብልሽት ይዞ ይዘጋል።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ ስፒናው ይነቀል፣ ማብሪያው መጥፋቱ ብቻ አይበቃም። ደረቅ የፋይበርግላስ ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ መንጠቆ ታስሮ፣ መንጠቆው በወፍራም የሽቦ ሬዚስተር በኩል ከሻሲው ጋር ይገናኝ። መንጠቆው መስመሩን ነክቶ ጥቂት ሰከንድ ይቆይ፤ ከዚያ ያለ ሬዚስተር በቀጥታ የሚያገናኝ ሌላ ሽቦ ይታሰርና ሥራው እስኪያልቅ ይቀመጥ። መልሶ ከማብራት በፊት ይህን ሽቦ መፍታት እንዳይረሳ ቀይ ጨርቅ የሚያስሩበት አሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። የተለመደው ቴስተርም ቢበዛ ለ1000 ቮልት የተሠራ ስለሆነ አኖዱ ላይ አይገባም፤ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ፕሮብ ያስፈልጋል። ብቻዎን ከሆኑ ወይም ደክሞዎት ከሆነ አይክፈቱት።

ኃይል ሲያንስ ወዲያው ቫልቭ መግዛት

ጥንድ 3-500ዜድ አንዳንዴ የአምፑን ግማሽ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ አንቴናው ይነቀልና በቦታው ኃይሉን የሚችል ባለ 50 ኦም ደሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር የአንቴና ምትክ) ይግባ። ችግሩ አብሮ ከጠፋ አምፑ ላይ አልነበረም። ቀጥሎ አምፑ ጠፍቶ ሳለ በውስጡ አልፎ የሚመጣው የሌሎች ጣቢያዎች ድምፅ ደክሞ እንደሆነ ያዳምጡ። ደክሞ ከሆነ፣ አንዳንዴም ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መቀያየሪያ) መታ ሲያደርጉት ከተመለሰ፣ የሪሌዩ መገናኛ ቆሽሿል ማለት ነው። በአልኮል በረጠበ ወረቀት ይጠረግ፤ የብርጭቆ ወረቀት ግን አይጠጋው፣ ላዩ ላይ ያለውን ስስ ብረት ገፎ ይጨርሰዋል።

ከዚያ ፊላመንቱ። እያንዳንዱ ቫልቭ በ5 ቮልት ከ14 አምፒር በላይ ይስባል። እንዲህ ባለ ከረንት፣ ሶኬቱ ላይ 0.02 ኦም የምትሆን ዝገት ብቻ ወደ 0.3 ቮልት ትበላለች፤ ቫልቩም ያረጀ ይመስላል። የቫልቩን እግሮች ጠጋ ብለው ይዩ። ማራገቢያው ደክሞ የሞቀ ቫልቭ ከእግሩ ጫፍ የመበየጃ ሊድ ቀልጦ ፈስሶበት ይገኛል፤ እግሩን አጽድቶ መልሶ መበየድ የሞተ የተባለውን ቫልቭ ያስነሳል።

አኖዱ ቀላ ማለቱም ብዙዎችን ያስደነግጣል። 3-500ዜድ ጠንክሮ ሲሠራ ደብዘዝ ያለ ቅላት ማሳየቱ ጤናው ነው፤ እንዲያውም ሙቀቱ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ለማጥመድ ይረዳል። ሲግናል ሳይገባ ደምቆ ከቀላ ግን ባያሱ (ቫልቩን የሚገታው ቮልቴጅ) ይታይ፤ ካቶዱ (እዚህ ፊላመንቱ ራሱ) መስመር ላይ ይህን ቮልቴጅ የሚሰጠው 5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ ሾርት ሆኖ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀልቶ ሌላው ከጠቆረ ደግሞ ሥራውን እኩል አልተካፈሉም፤ ቦታ አቀያይረው ይሞክሩ። ቅላቱ ቫልቩን ተከትሎ ከሄደ ያኔ ቫልቭ መጠርጠር ይቻላል።

አምፑ ሲበራ «ጧ!» ብሎ ከጠፋስ? በዝግታ መጠበቅና ካፓሲተሮቹን ባዶ ማድረግ፣ ሁለቱንም ቫልቮች መንቀል፣ እንደገና ማብራት። አሁንም ከጠፋ ጥፋቱ ኃይል ሰጪው ክፍል ነው፤ ዳዮዶቹና ካፓሲተሮቹ ይፈተሹ። ከቆየ ደግሞ አንዱ ቫልቭ ጋዝ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ፈተና ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

አዲስ ራዲዮን በቀጥታ ማገናኘት

የኤስቢ-220 ሪሌይ መስመር ላይ ከ100 ቮልት በላይ አለ። በዚያ ዘመን የነበሩ ራዲዮዎች አምፑን በሪሌይ ስለሚያዙ ግድ አልነበራቸውም። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ በትንሽ ትራንዚስተር ነው የሚያዙት፤ ይህን ቮልቴጅ አይችሉትም። ከዚያ ሰውየው አምፑን ሊጠግን ገብቶ ራዲዮውን ይቀብራል። መሃል ላይ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት ወይም ሌላ ሪሌይ ማስገባት ርካሽ ነው። ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ይለኩት።

እየላኩ ባንድ መቀየር

ስለዚህኛው ብዙ አልልም። ሲግናል እየወጣ የባንድ (የሞገድ ክልል) መቀየሪያው ሲዞር መገናኛው ላይ ብልጭታ ይነሳል፤ መገናኛው ይከስላል፤ ለዚህ ዕቃ መቀየሪያ ማግኘት ደግሞ ከቫልቭ ይከብዳል። በማስተካከል ጊዜም የመላኪያ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አለመያዝ፤ አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ እረፍት። የግሪዱን ከረንት ከአኖዱ እኩል ይከታተሉ፤ 100 ዋት ለሚበቃው አምፕ 200 ዋት የሚገፋ ራዲዮ የሚጎዳው ግሪዱን ነው።

የማይጠገነውን መጠገን

የመጨረሻው ስህተት የት ላይ ማቆም እንዳለብን አለማወቅ ነው። የትልቁ ትራንስፎርመር መውጫ ሽቦዎች ተለያይተው፣ መግቢያው በተከታታይ ከ100 ዋት አምፖል ጋር ይሰካ። አምፖሉ ደብዝዞ ከቀረ ትራንስፎርመሩ ደህና ነው፤ ቦግ ብሎ ከበራ ጥቅሎቹ ውስጥ ሾርት አለ። ያኔ ሌላ ትራንስፎርመር መፈለግ፣ ማጓጓዣውን መክፈል፣ ገጥሞ መሞከር ብዙ ጊዜ ሌላ ደህና ኤስቢ-220 ከመግዛት ይበልጣል። ቫልቮቹን፣ ባንድ መቀየሪያውንና ማስተካከያ ካፓሲተሮቹን ነቅሎ ለሚፈልጋቸው መሸጥ ይሻላል፤ ፈላጊ አያጡም።