የከርሰ ምድር ውሃን ጨዋማነት በካርታ ስናሳይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በናይል ዴልታ ሰሜናዊ ጠረፍ የሜዲትራኒያን ባህር ውሃ ከመሬት በታች ወደ ውስጥ ይገፋል። የት ድረስ እንደገባ ለማወቅ ጉድጓዶች ላይ እንለካለን፤ ባልተቆፈረበት ቦታ ያለውን ደግሞ በክሪጊንግ፣ ማለትም በዙሪያው ያሉ ልኬቶችን እንደ ቅርበታቸው እየመዘነ በሚገምት የስታቲስቲክስ ዘዴ፣ እንገምታለን። ሶፍትዌሩ ካርታውን ቶሎ ያወጣዋል። የተሳሳተውንም ቢሆን አሳምሮ ነው የሚያወጣው።

የተለያየ ጥልቀት ያላቸውን ጉድጓዶች መደባለቅ። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የባህር ውሃ ስለሚከብድ ከጣፋጩ ውሃ ሥር እንደ ሽብልቅ ይገባል። በተለመደው ስሌት ጣፋጩ ውሃ ከባህር ጠለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከጠለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። እንግዲህ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ 30፣ ሌላው 120 ሜትር ቢጠልቅ፣ የመጀመሪያው የሚጠጣ፣ ሁለተኛው አፍ ላይ የማይደረግ ውሃ ሊሰጥ ይችላል። ጥልቀቱን ካልነገርነው ክሪጊንግ ሁለቱን ያቀላቅልና የትም የሌለ ውሃ ይሥላል። ስክሪኑ (ውሃ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የቧንቧ ክፍል) የተቀመጠበትን ጥልቀት ጠይቁ፤ ለየንብርብሩም የየራሱን ካርታ ሥሩ። ጥልቀቱ የማይታወቅ ጉድጓድ፣ ቢያሳዝንም፣ ይቅር።

ጨዋማነት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይለወጣል ብሎ ማሰብ። እዚህ ጠረፉ በጥቅሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። በጠረፉ አቅጣጫ ለውጡ ዝግ ያለ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲኬድ ግን ፈጣን ነው። ቫርዮግራሙን፣ ማለትም ርቀት ሲጨምር ልኬቶች ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየውንና ክሪጊንግ የሚመራበትን መስመር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ አውጡ። ሶፍትዌሩ በራሱ የመረጠውን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ጥሬውን ቁጥር እንዳለ ማስገባት። የባህር ውሃ በሊትር 19,000 ሚሊግራም ገደማ ክሎራይድ አለው፤ ጣፋጭ ጉድጓድ ከ100 በታች ሊሆን ይችላል። ጥቂት ትላልቅ ቁጥሮች ቫርዮግራሙን ያበላሹታል። ብዙ ጊዜ ሎጋሪዝም ይረዳል፤ ወደ ጥሬው ቁጥር ስትመልሱት ግን ግምቱ ከእውነተኛው አማካይ እንዳያንስ የሚደረገውን ማስተካከያ አትርሱ።

የክረምትና የበጋ ልኬትን ማቀላቀል፣ የመስኖ ቦይን መዘንጋት። ቦይ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ከቦዩ በሚሰርገው ውሃ ሊጣፍጥ ይችላል።

ግምቱን ብቻ ማሳየት። ጉድጓድ በሌለበት ቦታ ያለው ቀለም ጉድጓድ ካለበት እኩል አይታመንም። ግምቱ በየቦታው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየውን ካርታም አያይዙ። ለውሃ ሥራ ውሳኔ ደግሞ ክሎራይዱ በሊትር ከ250 ሚሊግራም የማለፍ ዕድሉን የሚያሳይ ካርታ ይሻላል። መሐንዲሱ የሚጠይቀው «እዚህ ብቆፍር ይጨውብኛል ወይ?» ብሎ ነውና።