ካሜራው በቀረጻ መሃል በራሱ ካቆመ መጀመሪያ ካርዱን ጠርጥሩ

ካሜራ ቪዲዮ እየቀረጸ በራሱ ሲያቆም ካቻቢቴ ፍለጋ አትነሱ። መጀመሪያ ለምን ያህል ጊዜ ቀርጾ እንደቆመ እዩ፤ ሰዓቱ ራሱ መንስኤውን ይናገራል። ባትሪው መሙላቱን፣ የካርዱ መቆለፊያ አለመውረዱን፣ ቦታ መኖሩን ማንም ያያልና አልዘረዝረውም።

ልክ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ያቆማል

አልተበላሸም። በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ምደባ 30 ደቂቃ በተከታታይ መቅረጽ የሚችል ካሜራ ከቪዲዮ መቅረጫ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር አምራቾች ሆን ብለው ያስገቡት ገደብ ነው። ቁልፉን እንደገና ተጫኑ።

ቀረጻው ሳይቆም ፋይሉ በየ4 ጊጋባይቱ ይቆራረጣል

ካርዱ በፋት32 ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ይህ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ኤዲቲንግ ላይ ቁርጥራጮቹን በቅደም ተከተል ደርድሯቸው።

ከ10 ደቂቃ በላይ ቀርጾ የቴርሞሜትር ምልክት አሳይቶ ይዘጋል

ሙቀት ነው። ስክሪኑን ከካሜራው ጀርባ ገልጣችሁ አርቁት፣ ጥላ ፈልጉ፣ 4ኬ በ60 ፍሬም ከሆነም ወደ 25 አውርዱ። ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ ካሜራው የሚጠፋበትን የሙቀት ልክ ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ካበራችሁ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አኑሩት እንጂ በእጅ አትያዙት።

ከሁለት ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ባለው ጊዜ ያቆማል

ሰው ደጋግሞ «ካሜራዬ ተበላሸ» የሚለው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ የካርዱ ነው። ካሜራው ምስሉን መጀመሪያ በፈር ወደሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ያስገባል፤ ከዚያ ወደ ካርዱ ያፈስሰዋል። ካርዱ ከዘገየ በፈሩ ይሞላል፣ ሲሞላ ቀረጻው ይቋረጣል። በቆዩ የካኖን ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ላይ በስክሪኑ ቀኝ በኩል ብቅ የምትለው ደረጃ መሳይ ምልክት የበፈሩ ልክ ናት። እየወጣች ከሄደች ቀረጻው ሊቆም ነው።

ነጭ ግድግዳ ላይ ደህና የቀረጸው ካሜራ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ወይም የሚረጭ ውሃ ላይ ሲደርስ ያቆማል። «አመለኛ ካሜራ ነው» ይባላል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ዝርዝር የበዛበት ምስል ለመጭመቅ ስለሚያስቸግር በሰከንድ የሚጻፈው መጠን ይጨምራል። በጨለማ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሲሰቀል የሚመጣው ጥራጥሬም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ካርድ ስትፈትኑ ግድግዳ እየቀረጻችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ፤ ዛፍ ቅረጹ።

ሒሳቡ እነሆ። ካሜራው በሰከንድ የሚጽፈውን መጠን (ቢትሬት) ሜኑ ላይ የሚያሳየው በሜጋቢት ነው፣ ካርዱ ላይ የታተመው ፍጥነት ግን በሜጋባይት። ለ8 አካፍሉ። 100 ሜጋቢት 12.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ 400 ሜጋቢት የሚጽፍ ኦል-ኢንትራ (እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚጨምቅ አቀራረጽ) 50 ሜጋባይት ይፈልጋል። ክላስ 10 እና ዩ1 የሚያረጋግጡት ቢያንስ 10 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ዩ3 እና ቪ30 ደግሞ 30፣ ቪ60 ስድሳ፣ ቪ90 ዘጠና። ለ400 ሜጋቢት ከቪ60 በታች አትሞክሩ። ካርዱ ፊት ላይ በጉልህ የታተመው 170 ወይም 200 የማንበቢያ ፍጥነት ነው፤ ለቀረጻ አንዳች አይፈይድም። ሻጭ ያንን ቁጥር እያሳየ ሲያደንቅላችሁ ጣታችሁን ቪዋ ላይ አድርጉና ጠይቁ። ኤ1 እና ኤ2 ለስልክ አፕሊኬሽን የወጡ ደረጃዎች ናቸው።

ደረጃው ትክክል ሆኖ አሁንም ካቆመ፦ ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ገልብጡና ካርዱን በካሜራው ፎርማት አድርጉት፤ በላፕቶፕ አይደለም። «ሎው ሌቭል ፎርማት» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከዚያ ቢትሬቱን በግማሽ ቀንሱና ያንኑ ዛፍ ቅረጹ። መቆሙን ከተወ ካሜራው ጤነኛ ነው። ማይክሮ ኤስዲ በአዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ አዳፕተሩን ጣሉት። ንክኪው የላላ ርካሽ ፕላስቲክ ላይ የቀን ሥራ አይጣልም።

ሳይቆም ይቀርጻል፣ ፋይሎቹ ግን አይከፈቱም

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ፌክ ካርድ። ውስጡ ያለው ትክክለኛ ማከማቻ 16 ጊጋ ሆኖ ሳለ መቆጣጠሪያው 128 እንዲል ተደርጓል። ካሜራው ያምነዋል። 16 ጊጋ ሲሞላ ቀጣዩ ቀረጻ ወይ የትም ሳይጻፍ ይጠፋል፣ ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚቀመጠው በካርዱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ስማቸውና መጠናቸው ይታያል፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ሰርግ ላይ ሲደርስ መልኩ ይህ ነው፦ የጠዋቱ ጥርት ብሎ ይከፈታል፣ የከሰዓቱ አንድም አይከፈት። ሙሽሮችን ደግሞ ድገሙት አይባልም።

ስለዚህ አዲስ ካርድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሙሉ በሙሉ ይጻፍበት፣ ተመልሶም ይነበብ። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። 64 ጊጋ ካርድ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ቢጻፍበት መጻፉ ብቻ 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ታገሱ። ጥቂት ጊጋ ገልብጦ «ይሠራል» ማለት ፈተና አይደለም፤ ፌክ ካርድ ያን ሁሌም ያልፋል። ካርዱ ላይ የሚፈለግ ፋይል ካለ ደግሞ መጀመሪያ አውጡት፤ ፌክ ከሆነ ፈተናው ራሱ ሊደመስሰው ይችላል። ፈተናውን የወደቀ ካርድ ፎርማት አያድነውም። ስበሩት፤ ለሌላ ሰው አትስጡ።

አንዱ ፋይል ብቻ አልከፈት ካለ

ካርዱ ደህና ሆኖ የመጨረሻው ፋይል ብቻ ከተበላሸ የመጻፊያው መብራት ሳይጠፋ ባትሪ ወይም ካርድ ተነቅሏል። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው፤ ያ ካልተጻፈ ምስሉ ካርዱ ላይ እያለ ማጫወቻው አያገኘውም። አትቅረጹበት፣ ፎርማትም አታድርጉት። ካርዱን እዚያው ካሜራ ውስጥ መልሳችሁ አብሩት፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ልጠግነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እምቢ ካለ አንትራንክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሞክሩ። ደህና የሆነ ማነጻጸሪያ ፋይል ይፈልጋል፤ እሱም በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሬዞሉሽን፣ በዚያው ፍሬም ሬትና ኮዴክ (የምስል መጭመቂያ ዘዴ) የተቀረጸ ይሁን፤ አለዚያ የሚወጣላችሁ የተመሰቃቀለ ቀለም ነው።