ናፍቆት ሲብስ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ

ሰው አገር ያላችሁ፣ እሁድ ቤቱ ጭር ሲልባችሁ ይህን ሞክሩት። ቤተሰብ ጋ ደውላችሁ «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን» ተባብላችሁ አትዝጉ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ደውሉና ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ ልብስ እያጣጠፋችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ማውራት ግዴታ አይደለም። ሙቀጫው ሲወቀጥ፣ ሲኒ ሲንቃጨል፣ እማዬ ጎረቤቷን «ኧረ ቶናውን ሳትጠጪ የት ልትሄጂ!» ብላ ስትይዛት መስማት ደረትን ቀለል ያደርጋል። ለብቻ ሲኖሩ አብዝቶ የሚጎድለው ይሄ የቤት ድምፅ ነው፤ በአጭር ሰላምታ አይገኝም።

ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ልትተኙ ስትሉ ግን አታድርጉት፣ ስልኩ ሲዘጋ የሚመጣው ጸጥታ እንቅልፍ ይነሳል።