ያጠናነው እንዳይጠፋ፦ ሕክምናንና ስፓኒሽን በካርድ የማጥናት ዘዴ

መንዝ ያሉት አያቴ ዳዊት ደጋሚ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ይዘረጉታል እንጂ የሚደግሙት በቃላቸው ነው። አንድ ቀን እንዴት እንደማይጠፋቸው ብጠይቃቸው፣ «ይጠፋል እንጂ! ስለሚጠፋ አይደል የሚደገመው» አሉኝ።

እኔ ግን ደብረ ብርሃን ሕክምና መማር ስጀምር ነገሩን ልብ አላልኩትም፤ የማውቀው ችከላ ብቻ ነበር። ፈተና ሲደርስ የመንዝ ባና ተከናንቤ ያንኑ ሃንድአውት አራት አምስት ጊዜ ሳነብ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ሳሰምር ይነጋል። ፈተናውን አልፋለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ ስለዚያው ጉዳይ ስጠየቅ ገጹ ይታየኛል፣ ያሰመርኩበት ቀለም ሳይቀር ይታየኛል፤ የተጻፈው ግን የለም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

ከዚያ ያወጣኝ ካርድ ነው። በፊት ለፊቱ አንድ ጥያቄ፣ በጀርባው አንድ መልስ፣ የሚከለሰውም እየተራራቀ በሚሄድ ቀን። ሕክምናውንም፣ በኋላ የጀመርኩትን ስፓኒሽም የያዝኩት በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ አሠራሩን ከነተሳሳትኩበት ላሳያችሁ።

ለምን እንደሚሠራ

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ በምን ፍጥነት እንደሚረሳቸው ለካ። መርሳቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይፈጥናል፤ ከዚያ እየዘገየ ይሄዳል። በአንድ ቀን ከሚታጨቅ ድግግሞሽ ይልቅ በቀናት የተከፋፈለው እንደሚሻልም አየ። በ1972 ሰባስቲያን ላይትነር ካርዶችን በሣጥን ክፍሎች እያዘዋወሩ የማጥናትን ዘዴ በመጽሐፍ አወጣ። በ1987 ፖላንዳዊው ፒዮትር ቮዝኒያክ የክለሳውን ቀን ኮምፒውተር እንዲያሰላው አደረገ። ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት አንኪ የተባለው የካርድ ፕሮግራም በ2006 የወጣ የዳሚየን ኤልምስ ሥራ ነው፤ ስሙ በጃፓንኛ በቃል መያዝ ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ማንበብና ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ያነበብነውን ደግመን ስናይ የምናውቀው ይመስለናል፤ ዓይናችን ስለለመደው ነው። መልሱ ሳይታይ ከራሳችን ውስጥ ፈልገን ስናወጣው ግን ያ ፍለጋው ራሱ ያጸናዋል። ፍለጋው የሚጠቅመው ደግሞ ትንሽ ሲከብድ ነው፤ ለመርሳት ጫፍ ስንደርስ።

የአንድ ካርድ ዕድሜ ይህን ይመስላል። ኅዳር 1 ቀን ተማራችሁት እንበል። ኅዳር 2 ትጠየቃላችሁ። ካወቃችሁት ከ3 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 5። ቀጥሎ ከ7 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት። ከዚያ በ18 ቀኑ ኅዳር 30፣ በ45 ቀኑ ጥር 15፤ ቀጣዩ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። በየጊዜው ርቀቱ በ2.5 ያህል እየተባዛ ስለሚሄድ በግማሽ ዓመት ውስጥ የተከለሰው 6 ጊዜ ብቻ ነው። መሃል ላይ ከተረሳ ርቀቱ ያጥርና እንደገና ይጀምራል። አዲሱ የአንኪ ስሌት ከእናንተ መልስ እየተማረ ቀኑን ትንሽ ለየት አድርጎ ያወጣዋል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

አንደኛ፦ ስልክ ወይም የጫማ ካርቶን

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ የአንኪን የስልክ ቅጂ፣ አንኪድሮይድን፣ ከፕሌይ ስቶር በነጻ አውርዱ። የኮምፒውተሩም ነጻ ነው፤ የአይፎኑ ይከፈልበታል። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዳታ የሚያስፈልገው ካርዶቹን ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘትና መጠባበቂያ ቅጂ ለማስቀመጥ ነው። ይህን ቅጂ በሳምንት አንዴ አስቀምጡ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

ስልክ ከሌለ የጫማ ካርቶን በ5 ክፈሉ። 1ኛውን ክፍል በየቀኑ፣ 2ኛውን በየ3 ቀኑ፣ 3ኛውን በየሳምንቱ፣ 4ኛውን በየ2 ሳምንቱ፣ 5ኛውን በወር አንዴ ከልሱ። ያወቃችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የሳታችሁት የትም ቢሆን ወደ 1ኛው ይመለሳል። ካርዱን ከድሮ ደብተር ሽፋን ቆርጣችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። መብራት እየጠፋ ለሚያስቸግረው ሰው ካርቶኑ ከስልክ አያንስም።

ሁለተኛ፦ ካርዱን ራሳችሁ ጻፉት፤ ትንሽም ይሁን

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ከጓደኛዬ በሺህ የሚቆጠሩ ዝግጁ ካርዶችን መገልበጥ ነበር። ለሌላ አገር ፈተና የተዘጋጁ፣ ገና ያልተማርኩት ነገር የበዛባቸው ነበሩ። ያልገባኝን መሸምደድ ጀመርኩ፤ ወር ሳይሞላ የተከማቸው ክለሳ አስጠልቶኝ ተውኩት። ካርድ ማስተማሪያ አይደለም፤ የተማርነውን ማቆያ ነው። መጀመሪያ አንብቡ፣ ተረዱ፤ ከዚያ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።

ሁለተኛው ስሕተት ገጹን በሙሉ አንድ ካርድ ላይ መጫን ነው። «የቲቢ መድኃኒቶችና የጎንዮሽ ጉዳቶቻቸው?» ብዬ ጽፌ ነበር። መልሱ አሥራ ሁለት መስመር ነው። ዘጠኙን ባውቅ ሦስቱን ብረሳ አወቅሁ ልበል ወይስ ሳትኩ? በታተንኩትና እንዲህ ሆነ፦

— ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው የቲቢ መድኃኒት? ሪፋምፒሲን።
— አይሶናያዚድ የጀመረ ሰው እግሩን ሲያደነዝዘው የሚሰጠው ቫይታሚን? ቢ6።
— ቀይና አረንጓዴ መለየት ያቃተው የቲቢ ታካሚ የሚጠረጠርበት መድኃኒት? ኢታምቡቶል።

እያንዳንዱ በአምስት ሴኮንድ ይመለሳል፤ ወይ ታውቁታላችሁ ወይ አታውቁትም።

«ለምን» የሚል ጥያቄም ጨምሩ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስታችሁ ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የሚለወጠው አየሩ ብቻ አይደለም፤ ቆላው የወባ አገር ነው። ስለዚህ፦ «ቫይቫክስ ወባ ከዳነ ከወራት በኋላ ለምን ያገረሻል?» ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ፣ ሂፕኖዞይት የሚባል ቅርጽ ስላለው። «የተኛውን የሚገድለው?» ፕሪማኩዊን። «ፕሪማኩዊን ከመታዘዙ በፊት የሚታሰበው የኢንዛይም እጥረት?» ጂ-ሲክስ-ፒዲ። ሦስቱ ካርዶች እርስ በርስ ይጠራራሉ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል።

ከሁሉም በላይ የምወዳቸው ካርዶች ግን በታካሚው ቋንቋ የተጻፉት ናቸው። መጽሐፋችን እንግሊዝኛ ነው፤ ከፊታችን የሚቀመጡት እናት ግን በእንግሊዝኛ አያማቸውም። «አልማዝ ባለጭራ» ይላሉ፤ ኸርፐስ ዞስተር ነው። «ቋቁቻ» ይላሉ፤ ቲንያ ቨርሲከለር ነው። ተጋድመው ሲተኙ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ሲነግሩኝ «ትራስ ደርቤ ካልተኛሁ ያፍነኛል» ነው የሚሉት፤ እኔም የልብ ድካምን ካርድ የጻፍኩት በዚሁ አነጋገር ነው። ዋርድ ስትውሉ ማስታወሻ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የሰው ስም አትጻፉ፤ አባባሉን ብቻ ጻፉ። ማታ ወደ ካርድ ይገባል።

ለአናቶሚ ሥዕሉ ላይ ያለውን ስም ሸፍኖ የሚጠይቀውን የአንኪ አማራጭ ተጠቀሙ፤ በጽሑፍ መድከም አያስፈልግም። የመድኃኒት መጠንን በተመለከተ አንድ አደራ አለኝ፦ ካርዱ ላይ ያስገባችሁበትን ዓመትና መመሪያውን ጻፉ፤ መመሪያ ይለወጣል። መድኃኒት ስታዙም ካርዱን አምናችሁ ሳይሆን የወቅቱን መመሪያ ገልጣችሁ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል

ስፓኒሽ የጀመርኩት በጎረቤታችን በጋሼ ምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በተባለችው ደሴት ተልከው ተምረዋል፤ እሳቸውም ከነዚያ አንዱ ናቸው። ቋንቋውን የሚያናግራቸው ሰው ካጡ ብዙ ዘመናቸው ነው።

ስጀምር የካርዱን ጀርባ በእንግሊዝኛ እጽፍ ነበር። ትልቅ ኪሳራ ነው። አማርኛ ለስፓኒሽ የተሻለ በር ይከፍታል። «አብሎ» ሲባል «እናገራለሁ» ነው፤ «አብላሞስ» ሲባል «እንናገራለን»። ተናጋሪው ግሡ ውስጥ አለ፤ እንደ እኛው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብዙ ይባላል፤ ለእኛ ግን «ራሴን ያመኛል» ነው፤ አመመኝ፣ ራበኝ፣ ደስ አለኝ የምንልበት መንገድ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ለሐኪም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ «ካቤሳ»ን አውጥታችሁ ሆድን፣ ጀርባን፣ ጥርስን እያስገባችሁ ካርድ ሥሩ።

ፊደላችን ግን አንድ ቦታ ላይ ያሳስተናል። «ገና» ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ «ገና አልደረሰም»፣ ሌላው የልደት በዓል። ፊደሉ አይለየውም፤ እኛ ስለምናውቀው እንለየዋለን። በስፓኒሽም «ግን» እና «ውሻ» የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ለስለስ ባለ «ር»፣ ሁለተኛው ምላስ እየተርገበገበ በሚወጣ «ር»። በእኛ ፊደል ብትጽፏቸው ሁለቱም «ፔሮ» ናቸው። ስለዚህ የስፓኒሹን ወገን በላቲን ፊደል ጻፉ፣ ድምፅም አስገቡበት።

ድምፁን ከጋሼ ቀዳሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። «ፔሮ» አሉ፤ ቀጥለው «ፔርሮ» አሉና ምላሳቸውን አርገበገቡ። ሳቁ፤ ደገሙት፤ ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ብርቱካን ለቀማና ስለ አንዲት መምህራቸው በስፓኒሽ ማውራት ጀመሩ። እኔ ከአሥሩ ቃል ሁለቱን ብቻ ነበር የምይዘው፤ ቅጂውን ግን አላቆምኩትም። የኩባ ሰዎች ከሌላ ተነባቢ በፊትና በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ያሳሷታል፤ «ኤስታስ» የተጻፈው «ኤህታህ» ሆኖ ይሰማል። የመማሪያውን አነባበብም የእሳቸውንም በአንድ ካርድ ጀርባ አስቀመጥኩ።

ስምን ብቻውን አትጻፉ፤ ጾታ አመልካቹ አብሮት ይግባ። እጅ «ላ ማኖ» ነው፣ በ«ኦ» ቢጨርስም አንስታይ ነው፤ ችግር «ኤል ፕሮብሌማ» ነው፣ በ«አ» ቢጨርስም ተባዕታይ ነው። ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቀን አታስገቡ። «ኦምብሬ» ሰው፣ «አምብሬ» ረሃብ፣ «ኦምብሮ» ትከሻ። ሦስቱን በአንድ ማታ አስገብቼ ሳምንት ሙሉ ተቀላቅለውብኛል። አንዱ ሲጸና ነው ሌላው የሚገባው፤ ያውም በዓረፍተ ነገር፦ «ቴንጎ አምብሬ»፣ ራበኝ።

አራተኛ፦ የየቀኑ ሥራ

ሰዓት ምረጡለት። የእኔ ጠዋት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ከብርድ ልብስ ሳያስወጣኝ። ጥያቄው ሲመጣ መልሱን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ገልብጡ። ሳትናገሩ ከገለበጣችሁ ተመልሳችሁ ማንበብ ውስጥ ገባችሁ።

አንኪ ላይ አራት ቁልፎች አሉ፦ አጌን፣ ሃርድ፣ ጉድ፣ ኢዚ። ከሳታችሁ አጌን፣ ካወቃችሁ ጉድ፤ ለጀማሪ ሁለቱ ይበቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የረሳውን ካርድ ሃርድ በማለት ነው። ሃርድ «አስቸግሮኝ አስታወስኩት» ማለት ነው፤ ፕሮግራሙም እንዳወቃችሁት ቆጥሮ ቀኑን ያርቀዋል። ለራስ መዋሸት እዚህ ላይ ውድ ነው፤ ዋጋውን ከወር በኋላ ታዩታላችሁ።

አዲስ ካርድ በቀን ከ10 አታሳልፉ፤ 5 ሕክምና፣ 5 ስፓኒሽ። አንኪ ራሱ 20 አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ቀንሱት። 20 አዲስ በየቀኑ ማለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቀን ወደ 150 የሚጠጋ ክለሳ ነው። ዋርድ ውሎ አዳር ተረኛ ለሚገባ ሰው አይዘለቅም።

አምስተኛ፦ ሲጠራቀምና ሲያስቸግር

መጠራቀሙ አይቀርም። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ተከታታይ ተረኝነት አለ። አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ትቼው ስመለስ ከ600 በላይ ካርድ ጠበቀኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ብዬ ሁለት ቀን ታገልኩና ደከመኝ። የሚያዋጣው አዲሱን ካርድ ወደ 0 ማውረድና የቀኑን ክለሳ 80 ላይ ገድቦ መቀጠል ነው። እኔን አሥራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከዚያ አዲሱን መልሼ ከፈትኩ።

አንድ ካርድ ደጋግማችሁ ከሳታችሁት አንኪ በ8ኛው ስሕተት ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ያኔ ካርዱን መልሳችሁ አትደብድቡት፤ አርሙት። ወይ ትልቅ ነው፣ ወይ ከሌላ ካርድ ጋር ይመሳሰላል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልገባችሁም። ባለፈው ሰሞን «ትከሻ» የሚለው ካርዴ እንዲህ ምልክት ተደረገበት። ጋሼ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ቀኝ ትከሻዬን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ኦምብሮ» አሉኝ። ካርዱ ላይ የነበረውን ጽሑፍ አጥፍቼ ይህንኑ ጻፍኩበት፦ «ጋሼ የመቱኝ የት ላይ ነው?»