የልጆች መጽሐፍ ልታሳትሙ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ጅማ ላይ ለልጆች የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። አስተማሪው ይጽፋል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ይጽፋል፣ የአያቷን ተረት በስልኳ እየቀዳች የምትገለብጥ ነርስም አውቃለሁ። እኔ ራሴ ከትንንሽ ልጆች ጋር ስውል ዓመታት አልፈዋል። ሁለት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ፣ የጓደኞቼንም ረቂቅ አነባለሁ። ችግራችን የሐሳብ እጥረት አይደለም። ከረቂቁ እስከ ልጁ እጅ ባለው መንገድ ላይ ብዙ መጽሐፍ ወድቆ ይቀራል። ልጁ እጅ ከሚደርሰውም ብዙው አንዴ ተገልጦ ይዘጋል።

ለምን ብዬ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ አንድ ነገር ነው። የልጆችን መጽሐፍ የሚገዛው ትልቅ ሰው ነው፣ የሚያነበው ግን ልጁ ነው። እኛ ደግሞ ሳይታወቀን ለገዢው እንጽፋለን።

ምክር ጽፎ ተረት ነው ማለት

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከራሴ ልጀምር።

አንድ ጊዜ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ስለወጣ ልጅ ጻፍኩ። ልጁ አልጋው ላይ ይሮጣል፣ አልጋው ይዘማል፣ ቡናው መሬት ላይ ይፈሳል፣ አያቱ ይመጣሉ። እዚህ ድረስ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙኝ። ከዚያ አያትየው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ታዛዥነት መከሩት። ገና አንዱን ገጽ ሳልጨርስ ከኋላ ያሉት መጎነታተል ጀመሩ። አንዷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ቡናውን ግን ማን ለቀመው?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። እሷ ስለ ቡናው እያሰበች ነው፣ እኔ መጽሐፉን ለሚገዛው አባት እየጻፍኩ ነው። ሁለቱን ገጾች አወጣኋቸው። በምትካቸው አያትና ልጅ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ እስኪመሽ ድረስ፣ አንድ አንድ ፍሬ ሲለቅሙ ጻፍኩ። ማንም ማንንም አልመከረም። ልጆቹ ግን ያንን ገጽ ነበር ድገሚልን የሚሉኝ።

«አባባ ተስፋዬስ ይመክሩን አልነበረ?» የሚል አይጠፋም። ይመክሩን ነበር። ግን ድምፃቸው፣ ፊታቸው፣ እጃቸው ሁሉ ተረቱን ይሸከመው ነበር። ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የለም። ወረቀት ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገሯ ብቻ ናት።

የዚህ ስህተት ወንድም ደግሞ አለ፤ የታሪክ ትምህርትን በተረት መጠቅለል። ጅሬን ላይ ስላለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የተጻፉ የልጆች ረቂቆችን አይቻለሁ። ሁሉም የሚጀምሩት በነገሡበት ዓመት ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 መግዛታቸው ለእኔና ለእናንተ ቁም ነገር ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ሁለቱም ቁጥር ያው ናቸው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው የእንጨቱ ደረጃ ሲረገጥ ይጮህ እንደሆነ፣ ከላይኛው ሰገነት ምን እንደሚታይ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ልጆች የት ይጫወቱ እንደነበር ነው። ከዚያ ጀምሩ። ዓመቱ ከኋላ ሽፋን ላይ ይበቃዋል።

ልጁ የማይወጣው አማርኛ

ፊደላችን ቆንጆ ነው፣ ግን ለጀማሪ ቀላል አይደለም። 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ልጁ ያንን ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ ገና ገጽ አንድ ላይ «ስላልተመለሰላቸው» የሚል ቃል ይጠብቀዋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለእሱ አሥር ፊደል ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

መፍትሔው ቋንቋውን ማድከም አይደለም። «ስላልተመለሰላቸው ተጨነቁ» ከማለት «ላሟ አልመጣችም። አያቴ ተጨነቁ።» ማለት ይቻላል። ሐሳቡ ያው ነው፣ እንዲያውም ጉልበት አገኘ።

መጥበቅና መላላት ደግሞ አለ። «ዶሮው ይበላል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ «በ» ላልታ ስትነበብ ዶሮው እህሉን እየለቀመ ነው፣ ጠብቃ ስትነበብ ዶሮው ወጥ ሊሆን ነው። እኛ ከዐውዱ እንገምታለን። ልጅ ግን ገና ፊደሉን እየቆጠረ ስለሆነ ዐውዱን የሚይዝበት ትርፍ እጅ የለውም። እንደዚህ ዓይነት ቃል ስትጽፉ ሥዕሉ እንዲፈታው አድርጉ፣ ወይ ቀይሩት።

አጻጻፉም እንደ ቃሉ ነው። ለጀማሪ አንባቢ የፊደሉ መጠን ቢያንስ 20 ነጥብ (ፖይንት) ይሁን። መስመሩን ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ስበሩት። ኮምፒውተሩ ያመቸው ቦታ ላይ አትተዉት። አንዲት ቃል ብቻዋን ወደ ቀጣዩ መስመር ስትወርድ ልጁ ዓረፍተ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ትርጉም በችኮላ

ጅማ ላይ ይህ የብቻው ርዕስ ይገባዋል። እዚህ ብዙ ልጅ ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ መንደር ውስጥ አማርኛ፣ ወይም ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እያወራ ነው የሚያድገው። ስለዚህ መጽሐፉን በሁለቱም ቋንቋ ማውጣት ጥሩ ሐሳብ ነው። ስህተቱ አሠራሩ ላይ ነው። አማርኛው ይጻፋል፣ ሥዕሉ ይሣላል፣ ገጹ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው «ቶሎ ተርጉምልኝ» ይባላል። ቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ረጅም አናባቢን በሁለት ፊደል ስለሚጽፍ፣ የሚጠብቀውንም ተነባቢ ስለሚደግም፣ ጽሑፉ ከአማርኛው ብዙ ቦታ ይወስዳል። ቦታ ሲጠፋ ፊደሉ ይደቃል። በአንድ ገጽ ላይ አማርኛው ትልቅ፣ አፋን ኦሮሞው ደቃቃ ሆኖ የወጣ መጽሐፍ አይቻለሁ። ልጁ ከዚያ ገጽ የሚማረው የትኛው ቋንቋ ዋና፣ የትኛው ተጨማሪ እንደሆነ ነው። ማንም ይህን ሊያስተምረው አላሰበም፣ ግን ተማረ።

ከመጀመሪያው ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ። ቤቱ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው ገና በረቂቁ ላይ አብሯችሁ ይቀመጥ። ያኔ ጥሩ ጥሩ ነገር ይመጣል። ለምሳሌ «ቡና» በሁለቱም ቋንቋ አንድ ይመስላል፣ ግን አማርኛው ላይ «ና» ትጠብቃለች፣ አፋን ኦሮሞው ላይ ትላላለች። በቁቤ ማንበብ የጀመረ ልጅ የሚጠብቀውን ድምፅ ተጽፎ ማየት ለምዷል፤ የአማርኛው ፊደል ላይ ሲመጣ ምልክቱ የለም። ከአጋሮ የመጣ ልጅ አማርኛውን አላልቶ ቢያነበው ስንፍና አይደለም።

ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል

ልጅ መጽሐፍ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያነበው ሥዕሉን ነው። እኛ ደግሞ ገንዘብ የምንቆጥበው እዚያ ላይ ነው። ጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ ቀይ ጎተራ፣ ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ አያት። አዌቱ ወንዝ ዳር የሚያድግ ልጅ ይህን አይቶ የሚያስበው መጽሐፍ ስለ ሌላ ሰው የሚጻፍ ነገር እንደሆነ ነው።

ሠዓሊ መቅጠርም ብቻውን አያድንም። አንዱ ሠዓሊያችን የቡና ዛፍ ሣለልን፤ ፍሬው እንደ ብርቱካን ከቅጠሉ መሐል ተንጠልጥሎ። የእኛ ልጆች ቡና ለቅመው ያውቃሉ። ፍሬው ቅርንጫፉን ይዞ ተደርድሮ እንደሚወጣ፣ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ላይ እንደሚታይ ያውቃሉ። ገጹን ሲያዩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ማን ያምናል? ለሠዓሊያችሁ ፎቶ አንሡና ላኩ፤ የበርጩማውን ሦስት እግር፣ የጀበናውን አንገት፣ የጉሬዛውን ነጭ ጭራ።

ሠዓሊውን በወሬ አትያዙት። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለሥራው ባለቤት ዕድሜውን ሙሉ እና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ ሥዕሉ የማን ነው፣ ሁለተኛ ዕትም ሲወጣ ምን ይከፈለዋል፣ ቲሸርት ላይ ይታተማል ወይ የሚለው በወረቀት ላይ ይስፈር፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ጓደኛችሁ ቢሆንም። ጓደኛችሁ ከሆነማ የበለጠ።

በነፃ የሚገኝ ሥዕልና ተረት የለም ማለቴም አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የልጆች ታሪኮችን መተርጎምና ማተም በሚፈቅድ ፈቃድ ያወጣል። እሱን ተጠቀሙ። ግን ፈቃዱን አንብቡ፤ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም ሳይጽፉ ማተም ስርቆት ነው።

ማተሚያ ቤት ሳይጠይቁ ገጽ መቁጠር

በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በአራት መካፈል አለበት። ይህን ሳያውቁ 27 ገጽ ጽፈው የሚመጡ አሉ። ስምንት ኤ4 ወረቀት አንድ ላይ አድርጋችሁ ለሁለት እጠፉ፣ 32 ገጽ ይሆናል። በእርሳስ ጽፋችሁ ገልጡት። ገጽ መግለጥ ራሱ የተረቱ ክፍል ነው። ጅቡ ከበሩ ጀርባ እንዳለ የሚታወቅበት ሥዕል በስተቀኝ ካለ ልጁ ሳይገልጥ ያየዋል፣ ነገሩ ተበላሸ።

ሥዕሉ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ስለሚጨመቅ ለህትመት አይበቃም። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በአራቱ የህትመት ቀለሞች ሲወጣ ይደበዝዛል፤ የጅማ ተራራ ጭቃ መስሎ የወጣበትን ቀን አልረሳም። ፎንቱ ዩኒኮድ ይሁን፣ ፒዲኤፉ ውስጥም ይካተት፤ አለበለዚያ በድሮ የግእዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ናሙና ሳታዩ «ቀጥሉ» አትበሉ። ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለ፣ አውቃለሁ፣ ግን ሂዱ ወይ የምታምኑትን ሰው ላኩ።

ርካሽ ነው ብሎ ሦስት ሺህ ማተም

የሥዕልና የፕሌት (ገጹ የሚታተምበት ሰሌዳ) ወጪ አንድ ጊዜ ስለሆነ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ሒሳቡ ያጓጓል። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ «ነገ ይወደዳል፣ ዛሬ ብዙ ላትም» ማለትም ያለ ነው። እኔም ብዬዋለሁ። የተረፈው ሳሎን ገባ። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እርጥበቱ ሽፋኑን አጎበጠው፣ የመሐሉ ሽቦ ዛገና ገጹ ላይ ቡናማ ጠባሳ ተወ። ዝገት ያለበትን መጽሐፍ ለልጅ መሸጥ አልቻልኩም። በ500 ጀምሩ። ካርቶኑንም ከወለሉ በእንጨት ከፍ አድርጉት።

መጽሐፍ መደብር ላይ አስቀምጦ መጠበቅ

አንድ ሱቅ 60 ቅጂ «ሲሸጥ እንከፍላለን» ብሎ ወሰደብኝ። ከዓመት በኋላ ስጠይቅ ጓዳ ውስጥ፣ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ስንት ቅጂ እንደሰጠሁ፣ መቼ እንደምንተሳሰብ ሳላስፈርም አልሰጥም።

ሰው መጽሐፍ የሚገዛው ልጁ ሲጠይቀው ነው። ልጁ የሚጠይቀው ደግሞ ከሰማው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሂዱ፣ አንብቡላቸው። መስከረም ላይ ወላጅ ለደብተር ሲወጣ፣ ሰኔ ላይ ሽልማት ሲፈለግ፣ እነዚህ ሁለት ወቅቶች ናቸው። አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከወመዘክር፣ ቀድማችሁ አውጡ፤ ቤተ መጻሕፍት ሲገዛ ይጠይቃችኋል።

ይሄ የጅማ ብቻ ችግር አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች አሳታሚው የሚኖረው በመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ፈተና ላይ የማይመጣ መጽሐፍ ገዢ የለውም። ታንዛኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው የልጆች መጽሐፍ ፕሮጀክት ከሚታተመው ከፊሉን ራሱ እየገዛ ለትምህርት ቤቶች ያከፋፍል ነበር፤ አሳታሚው ቢያንስ የዚያን ያህል እንደሚሸጥ እያወቀ ያትማል። እኛ ይህን በትንሹ መሞከር እንችላለን። አሁን ሦስት ትምህርት ቤቶችን ከህትመቱ በፊት ስንት እንደሚወስዱ በጽሑፍ እያስሞላሁ ነው።

የመጨረሻው ስህተት መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ልጆቹን መርሳት ነው። ባነበብኩላቸው ቁጥር የተደናቀፉበትን ቃል፣ ያቋረጡኝን ቦታ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ገጽ 9 አጠገብ ሦስት ጊዜ «ይሄ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጽፏል። የጠየቁኝ ሥዕሉ ጥግ ላይ ስላለው ሙቀጫ ነው። ግማሾቹ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው ያለው። ለሁለተኛው ዕትም ሙቀጫው ተለቅ ብሎ ይሣላል፣ ዘነዘናውንም አያትየው ይይዙታል።