የጣት አሻራ መለያ ሲፈተሽ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የጣት አሻራ ስካነር ሊገዛ ያሰበ መሥሪያ ቤት፣ ከዋጋው በፊት «በማን ጣት ተሞከረ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሁሉ የከፋው ስህተት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ባሉ ተማሪዎች ጣት ተሞክሮ ያለፈ መሣሪያ ለደምቢያ ገበሬ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። የወጣት ተማሪ አሻራ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እርፍ ሲጨብጥ የኖረ አባወራ፣ ወለቃ መንደር ጭቃ ስታቦካ ያረጀች ሸክላ ሠሪ፣ ድንጋይ ጠራቢው ግን ጣታቸው ተፍቋል፤ ቆዳውም ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሙከራው መሣሪያው በሚቆምበት ቦታ፣ ተገልጋዮቹ ከሥራ በወጡበት እጃቸው ይሁን። ውጤቱም በሥራና በዕድሜ ተለይቶ ይጻፍ። አማካዩ ብቻ ከተጻፈ የእኚያ ሸክላ ሠሪ እንግልት በተማሪዎቹ ብዛት ተሸፍኖ ይቀራል።

መመዝገብ ያልቻሉትን ከሂሳብ ማውጣትም የተለመደ ነው። ከ100 ሰው የ8ቱ አሻራ አልነበብ አለ እንበል። ከተመዘገቡት 92 ደግሞ 2ቱን መሣሪያው «አይደላችሁም» ብሎ መለሰ። ሪፖርቱ ስህተቱን 2 በመቶ ገደማ ይለዋል፤ አገልግሎት ያጡት ግን 10 ሰዎች ናቸው። አይ.ኤስ.ኦ 19795 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የምዝገባ ውድቀትን ራሱን የቻለ መለኪያ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ከአሥሩ ጣት ሌላ የሁለቱን ዓይን አይሪስ (የብሌኑ ዙሪያ ባለ ቀለም ክፍል) እና የፊት ፎቶ መውሰዱ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

ሻጭ «99 በመቶ ትክክል» ሲል የትኛውን ስህተት እንደቆጠረ አስረዳ በሉት። ሌላውን ሰው ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱን መመለስ ሌላ። መወሰኛው ነጥብ፣ ማለትም መሣሪያው ሁለት አሻራዎችን «አንድ ናቸው» ለማለት የሚጠይቀው የመመሳሰል መጠን፣ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ መወሰኛ ነጥብ ተለክተው ጎን ለጎን መቅረብ አለባቸው።

«እኔ እገሌ ነኝ» ያለን ሰው ማረጋገጥና «ይህ ማነው?» ብሎ ከመዝገብ መፈለግ አንድ አይደሉም። አንድን አሻራ ከአንድ ጋር ሲያስተያይ ከ10,000 አንዴ የሚሳሳት መሣሪያ፣ 100,000 ሰው ባለበት መዝገብ ውስጥ ቢፈልግ በአማካይ 10 ባዕድ ሰዎችን እያንዳንዳቸውን «እሱ ነው» ይላል። በማረጋገጥ የተገኘን ቁጥር ለፍለጋ ማዋል ንጹሕ ሰውን ያስጠረጥራል።

የሙከራው ብዛትም ይታይ። በ300 የተለያዩ ሰዎች ላይ አንድም ስህተት ባይታይ እንኳ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የሚቻለው ስህተቱ ከ1 በመቶ አይበልጥም ብቻ ነው። 10 ሰዎችን ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ማስነካት ደግሞ 300 ሙከራ አይባልም።