ተደባዳቢ ልጅን ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለጎንደር ወላጆችና መምህራን

ልጁ ይመታል፣ ይነክሳል፣ የጎረቤት ልጅ ያስለቅሳል። ዘመድ አዝማዱ አንድም «ወንድ ልጅ ነው፣ ተዉት» ይላል፣ አለዚያም «ይኼ አድጎ ሰው ይገድላል» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። የመጀመሪያው ጊዜ ያባክናል፤ ሁለተኛው ልጁን ወደተባለው ነገር ይገፋዋል።

ከሁሉ በፊት ዕድሜውን ይዩ። ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ የተከታተሉ ጥናቶች፣ በተለይ የካናዳዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ትራምብሌ ሥራዎች፣ መምታትና መንከስ የሚበዛው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ልጅ የፈለገውን በአፉ መናገር ስለሚችልና ራሱን መግዛት ስለሚለምድ እየተወው ይሄዳል። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ ቢማታ አይደንግጡ፤ ያስተምሩት። የ8 ዓመት ልጅ ግን ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሠፈርም በየሳምንቱ የሚደባደብ ከሆነና ካለፈው ዓመት ምንም ካልቀነሰ፣ ዛሬውኑ ሥራ ይጀመር። በጉርምስና ከጓደኛ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜው ጋር ያልፋል፤ በልጅነት ጀምሮ የማይበርደው ነው ሥር የሚሰደው። በለንደን 411 ወንዶች ልጆችን ከ8 ዓመታቸው አንስቶ የተከታተለው ጥናት ከተመዘገቡት የወንጀል ፍርዶች ግማሽ ያህሉን የፈጸሙት በጣም ጥቂቶቹ መሆናቸውን አግኝቷል።

ጠባዩን መለየት

ልጅ ከነጠባዩ ይወለዳል። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1956 በተጀመረው ጥናት ቶማስና ቼስ የተባሉ ሐኪሞች ከሕፃናቱ 40 በመቶውን ቀላል፣ 15 በመቶውን ቀስ ብሎ የሚለምድ፣ 10 በመቶውን አስቸጋሪ ብለው መደቡ፤ የቀሩት ቅይጥ ናቸው። ዋናው ግኝታቸው ግን ቁጥሩ አይመስለንም፤ አስቸጋሪው ልጅ የሚበላሸው አያያዙ ከጠባዩ ጋር ሳይገጥም ሲቀር መሆኑ ነው።

ለድብድብ ሲሆን ሦስት ዓይነት ልጅ ይለዩ። ግልፍተኛው ሲነኩት ይነድዳል፣ ከመታ በኋላ ግን ራሱም ያለቅሳል። እሱን ከጨዋታ በድንገት አያስነሡት፤ «ትንሽ ቆይተን እንገባለን» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። ፍርሃት የለሹ አጥር ላይ ይወጣል፣ ውሻ አይፈራም፣ ዱላም አይመልሰውም። ቅጣት ስለማይሰማው ዱላ በጨመሩ ቁጥር ዱላውን መልመድ ብቻ ነው የሚያተርፈው፤ እሱን የሚይዘው ምስጋና፣ ሩጫና ኃላፊነት ነው። ሦስተኛው ደንዳናው ነው፤ ሌላው ሲያለቅስ አያዝንም፣ ሲያጠፋ አያፍርም። ይህ ጥቂት ልጆች ላይ ብቻ የሚታይ ሲሆን ከሁሉም ይልቅ ፍቅር የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ፊት ሲነሡት ይብስበታል።

የ14 ቀን ደብተር

ከመገመት ይልቅ ይመዝገብ። አንድ ደብተር ይግዙና ገጹን በአራት ይክፈሉ፦ ሰዓቱ፣ ከመምታቱ በፊት የሆነው፣ ያደረገው፣ ከመታ በኋላ ያገኘው። ለ14 ቀን ሳይቋረጥ፣ በተፈጸመበት ሰዓት ይጻፍ። ማታ አስታውሼ እጽፈዋለሁ ማለት አይሠራም፤ የሚታወሰው ትልቁ ጥፋት ብቻ ነውና ትንንሾቹ ይጠፋሉ።

የሚጠቅመው አራተኛው ዓምድ ነው። ታናሹን መትቶ ኳሱን ካገኘ፣ ወይም እናቱ ከአራዳ ገበያ ደክማ ስትገባ ዞር ብላ ያየችው ሲመታ ብቻ ከሆነ፣ ድብድቡ ሥራውን እየሠራለት ነው። ሁለተኛው ዓምድ ደግሞ ረኃብን፣ እንቅልፍ ማጣትንና የአባት መስከርን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከምሳ በፊት የሚደጋገም ጠብ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁራሽ እንጀራ ይበርዳል።

ወጥመዱ

የአሜሪካው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ቤተሰቦችን ቤታቸው ውስጥ ሲከታተል ያገኘው ነገር እዚህም በየቤቱ አለ። እናት «ጫማህን አንሣ» ትላለች። ልጁ ይጮኻል። እሷም ትጮኻለች። ልጁ ጫማውን ይወረውራል። እሷ ይደክማትና ራሷ ታነሣዋለች። ልጁ የተማረው፦ ከበረታሁ ይተዉኛል። በማግሥቱ ደግሞ ትመታዋለች፣ ለጊዜውም ዝም ይላል። አሁን የተማረችው እሷ ናት፦ ከመታሁት ዝም ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ እርስ በርስ ይሠለጣጠናሉ፣ ዱላውም በየወሩ ይጠነክራል።

መውጫው ይህ ነው። ማስፈጸም የማይችሉትን ትእዛዝ አይስጡ። የሚሰጡትን ቀርበው፣ ዓይኑን እያዩ፣ በአጭሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩ። 10 ሰከንድ ይጠብቁ። ካደረገ ወዲያው፣ ያደረገውን ጠቅሰው ያመስግኑት፤ «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፣ «ጫማህን ሳትጮኽ አነሣህ፣ ጎበዝ» ይበሉት። ካላደረገ እጁን ይዘው አብረውት ያስነሡት፣ ሳይጮኹ። ሰው ከመታ ከጨዋታው አውጥተው ብቻውን ያስቀምጡት፤ ልኩ ለአንድ የዕድሜ ዓመት አንድ ደቂቃ ነው፣ የ5 ዓመት ልጅ 5 ደቂቃ። ጨለማ ክፍል አይዘጋበትም፣ ከደጅ አይጣልም፣ «ጅብ ይበላሃል» አይባልም። እነዚህ ፍርሃት እንጂ ራስን መግዛት አያስተምሩም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሸነፉበት ቦታ አለ። መጮኽ እንደማይሠራለት ሲያይ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የባሰ ይጮኻል። ዘዴው ከሽፏል ብለው የሚተዉት ያኔ ነው። ያን ጊዜ እጅ ከሰጡ ግን ልጁ የተማረው አብዝቶ መጮኽን ነው፣ ከጀመሩበትም ይከፋል። አያትም፣ አክስትም፣ ሠራተኛም አንድ ዓይነት ካላደረጉ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ቤተሰቡን ቡና ላይ ሰብስበው ይስማሙ።

ስለ ዱላ

አለንጋ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ፣ በርበሬ ማጠን፤ ስማቸው ቢለያይም የሚያስተምሩት አንድ ነው፦ ጉልበት ያለው ያዛል። የበርበሬ ጢስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያለበትን ልጅ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መምህራን ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የሚፈጸም አካላዊ ቅጣትን እንደሚከለክል ይወቁ። የተደበደበ ልጅ ሁሉ ወንጀለኛ አይሆንም፤ አሜሪካዊቷ ካቲ ዊደም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጥናት ከተበደሉትና ችላ ከተባሉት ልጆች አብዛኞቹ በኃይል ወንጀል አልተያዙም። ዕድሉ ግን ካልተበደሉት ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

አካሉን ማስመርመር

የማይሰማ ጆሮ እልኸኛ ያስመስላል። የሚጥል በሽታ፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት፣ የደም ማነስ፣ አፍ አለመፍታት፣ ሁሉም ይጠየቁ። አሮጌ የመኪና ባትሪ በሚፈታበት ግቢ ልጅ አይጫወት፤ ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት አንጎል ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴትም ለፅንሱ አንጎል ስትል አረቄም ጠላም ትተው።

ድንገት የተለወጠ ልጅ ለብቻው ይታይ። ጭምት የነበረ ልጅ ተኩስ ከሰማ ወይም ሰው ሲሞት ካየ በኋላ መማታት ከጀመረ፣ ሌሊት እየባነነ የሚጮኽ ወይም አልጋ ላይ የሚሸና ከሆነ፣ ጉዳዩ ድንጋጤ ነው። ለእሱ የሚሻለው የመኝታና የምግብ ሰዓቱ እንዳይዛባ መጠበቅ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ መሆኑና ወሬውን ሌት ተቀን አለመስማቱ ነው። ከአንድ ወር ካለፈ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ጥይቱ ከጠመንጃው ተለይቶ ሁለቱም ይቆለፉ፣ ቁልፉም ልጅ በማያውቀው ቦታ ይሁን። ለልጅ «የአባትህን ደም መልስ» የሚል ፉከራ ማሰማት ከጠመንጃው አያንስም። ሽማግሎች ደም ሲያደርቁ ግን ልጁም ቢገኝ መልካም ነው፤ ጠቡን የሰማ ጆሮ እርቁንም ይስማ።

የማይሠሩ ነገሮች

ልጅን ለማስፈራራት ፖሊስ ጣቢያ ወይም ማረሚያ ቤት መውሰድ አይጠቅም። በአሜሪካ ይህ በሙከራ ታይቶ የሄዱት ልጆች ካልሄዱት ይበልጥ አጥፍተዋል። አስቸጋሪዎቹን አንድ ወንበር ላይ መሰብሰብም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ለሌላው ጥፋት አጨብጫቢ ይሆናል። መምህሩ ይበትናቸው፣ ከረጋ ልጅ ጎን ያስቀምጣቸው።

የሚሠራው አንድ የማይለወጥ ትልቅ ሰው ነው። በሃዋይ የካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን የተከታተለው ጥናት፣ ብዙ ችግር ከተደራረበባቸው ልጆች ሲሶው ያህል ደህና ሰው ሆነው ማደጋቸውን አይቷል፤ ብዙዎቹ ከወላጅ ሌላ የሚያስብላቸው ሰው ነበራቸው። በጎንደር ይህን ሰው ለማግኘት ሩቅ አይኬድም፦ የክርስትና አባት አለ፣ የኔታ አለ፣ አጎት አለ። ግን ቀኑ ይቆረጥ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ በየሳምንቱ፣ ልጁ ቢያጠፋም የማይቀር። ቅጣት ተብሎ ይህ ሰዓት ከተሰረዘበት ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው።

በ12 ወር ውስጥ በተደጋጋሚ መደብደብ፣ መሣሪያ ማንሣት፣ እንስሳ ማሠቃየት፣ ሆን ብሎ እሳት መለኮስ፣ መስረቅ፣ ከቤት ወጥቶ ማደር ከመሳሰሉት ሦስቱ ከታዩ፣ በተለይ ልጁ 10 ዓመት ሳይሞላው ከጀመረ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። እዚያ ሲሄዱ የ14 ቀኑን ደብተርና መምህሩ የጻፉትን ወረቀት ይያዙ፤ የሚቻል ከሆነ እናትም አባትም አብረው ይግቡ። ልጁ «እብድ አይደለሁም» ካለ፣ የምትሄዱት ሁላችሁም ሳትጣሉ መኖርን ለመማር እንደሆነ ከቤት ሳይወጡ ይንገሩት።